የዓርብ ዝናብ

አዘዘ የሞተው ፊልም እያሳየ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ክበብ አዳራሽ የታደመው ሕዝብ ይህን ያወቀው ግን ሁለተኛው ጥቅል አልቆ፣ ሸራው ባዶውን ቀርቶ፣ «አዘዘ! እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» እያለ ካፏጨ በኋላ ነው። ዘበኛው ወደ ማሽኑ ክፍል ሲወጣ ሰውዬው በገዛ መዶሻው ማጅራቱን ተመትቶ፣ የፊልም ቆርቆሮዎቹ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ማሽኑ ምን ያውቃል፣ ያለቀውን ፊልም ጫፍ እያማታ ይዞራል። ከደረጃው ጫፍ፣ ከተዘጋው በር ፊት፣ የሚስቱ የወለላ ፔርሙዝ ተቀምጧል።

ፔርሙዙ አፍ አውጥቶ የተናገረ ያህል ሆነ። እሑድ ጧት ከፔዳ እስከ ሰባታሚት ወለላ ባሏን ገደለች ተብሎ ነገሩ አልቆ ነበር። የቀረው እንዴት ጨከነች የሚለው ብቻ ነው።

ወለላ በፔዳ ኮሌጅ ታይፒስት ናት። ዓይኗ ሳይከደን ነጋ። ያስፈራት የሰው ወሬ ብቻ አልነበረም። ትናንት ያንን በር ስታንኳኳ፣ ከውስጥ የሰው እግር ሲንቀሳቀስ ሰምታለች። ይህን ለማን ትንገር? ብትናገር የሚያምናት የለም፤ ደጃፉ ላይ እንደነበረች ግን በገዛ አፏ መመስከሯ ነው።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃ አንግበው መጡ።

«ተነሽ፤ ክበቡ ትፈለጊያለሽ።»

«ቀብሩስ?»

«ቀብሩ ነገ ነው። አንቺ ስለ መድረስሽ ግን እንጃ።»

ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለቻቸው።

በክበቡ ቢሮ ሁለት ሰዎች ጠበቋት። አንደኛው የቀበሌው ሊቀ መንበርና የክበቡ ኃላፊ ጓድ አስናቀ ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። ሌላው ከፖሊስ የተላከው መርማሪ ሻምበል ቢያዝን ነው። ሻምበሉ ሰው ሲናገር ዓይኑን የመጨፈን ልማድ አለው። ብዙ ሰው የተኛ እየመሰለው ዘና ብሎ ያወራል፤ በዚህም ብዙ ሰው ጉድ ሆኗል።

«ጓድ ሻምበል፣ እንቅጩን ልንገርዎ» አለ አስናቀ። «ጉዳዩ ግልጽ ነው። እስከ ዛሬ ማታ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቀበሌው ይረከባታል።»

በዚያ ዘመን ቀበሌ የተረከበውን ሰው ዘመድ የት ደረሰ ብሎ አይጠይቅም።

«እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀመጪ፣ እህቴ» አላት ሻምበሉ። «ከዓይኔ እንዳትርቂ።» እንዳትጠፋ ይሁን እንዳይወስዷት አልገባትም። ብቻ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ የሚባለውን ሁሉ ከጥግ ሆና ሰማች።

«ጓድ አስናቀ፣ ፊልሙ ምንድን ነው?»

«የድሮ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ከረቡዕ ጀምሮ ይኸንኑ ነው የምናሳየው። ሚስት ከውሽማዋ ጋር ተማክራ ባሏን ታስገድላለች። የኢምፔሪያሊስት ትዳር እንዴት እንደበሰበሰ ሠፊው ሕዝብ ይይ ብለን ነው የፈቀድነው። እሷ ለካ ሌላ ትምህርት እየቀሰመች ነበር!»

«ከሟች ጋር ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ቅያሜ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። በፊልም ውስጥ ሲሳሳሙ የማሽኑን መስተዋት በእጁ እንዲሸፍን አዝዣለሁ። ሁልጊዜ ይሸፍናል። ዓርብም ሸፍኗል። ትናንት ግን ሆን ብሎ ለቀቀብን! አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ መግቢያ አጣሁ።»

«ሸራው ሲጨልምስ ተርጓሚው ምን ይላል?»

«መምህር መርስዔ ኀዘን? ‹ነፋስ መብራቱን አጠፋባቸው› ይላል፤ ሕዝቡ ይስቃል። ትናንትም ያንኑ አለ። እነሱ እዚያ ከንፈር ለከንፈር ተጣብቀው፣ እሱ ነፋስ መብራቱን አጠፋ ይላል!»

ሻምበሉ ዓይኑን ገለጠ፤ ወዲያው መልሶ ጨፈነ።

ቀጥሎ ራሱ መርስዔ ኀዘን ገባ። የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ፊልም ሲታይ በግቢው በኩል ከደረጃው ሥር ባለችው የጣውላ ክፍል ይቀመጥና በትንሿ መስኮት ሸራውን እያየ በማይክሮፎን ለሕዝቡ ይተረጉማል። ለወለላ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ሌላ ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረባት ቀን እሱ ብቻ እንዲህ ስላላት ዕንባዋ መጣ።

«እኔ እንኳ ከማይክሮፎኑ አልተነሣሁም፣ ሻምበል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

«ሲሳሳሙ እየታዩ ስለ ምን መብራት ጠፋ አሉ?»

«ቀልድ ነዋ! ሕዝቡን ማሳቅ ልማዴ ነው።»

«ጥሩ ቀልድ ነው» አለ ሻምበሉ።

ኑርሑሴን ሦስተኛ ገባ። በአዘቦት ቀን ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ፊልም ባለ ጊዜ ደግሞ በክበቡ በር ቆሞ ትኬት ይቀበላል።

«ከወለላ በቀር በኔ በኩል ወደ ግቢው የወጣ የለም» አለ፣ እሷን ላለማየት ኮፍያውን እያገላበጠ። «ጓድ አስናቀ ከፊት ነበሩ። የመምህር ባለቤት የሺመቤትም ከሴቶቹ መሐል ነበረች፤ ንቅንቅ አላለች።»

«ሌላ ቅር ያለህ ነገር የለም?»

«ኧረ ምን… ማጉያው ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ሁለተኛው ጥቅል ሲጀመር መምህር ይጮሁ ጀመር፤ ከድምፃቸው ጋር አብሮ የሚንሿሿ ነገር አለ። ሽቦው ላልቶ ነው ብዬ ሳጥኑን መታ መታ አደረግሁት። ወደ መጨረሻው ግን ለቀቀው፤ እሳቸውም ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።»

ኑርሑሴን ሲወጣ ሻምበሉ ወንበሩን ወደ ወለላ አዞረ።

«ትናንት ደረጃውን ከወጣሽ ጀምሮ ንገሪኝ። ያፈርሽበትንም፣ የፈራሽውንም።»

ሻምበሉ አልቸኮለባትም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ፊቱን ስታይ ትንሽ ደፈረች።

«እንደ ልማዴ ሻይ ይዤለት ወጣሁ። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ማሽኑ ይዞራል። ከዚያ… ከውስጥ እግር ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጣውላው ሲጢጥ አለ።»

«ታዲያ ለምን ገፍተሽ አልገባሽም?»

«የሺመቤት መሰለችኛ!» አለች ወለላ። «ባሌና የሺመቤት… ሻምበል፣ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ይህን ከተናገርሁ ቀንታ ገደለችው ይሉኛል ብዬ ዋጥሁት። ሁለቱን አብረው ላያቸው አልፈለግሁም። አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ሲናጋ ፔርሙዙን አስቀምጬ ሮጥሁ። ኋላ ግን የሺመቤት ከሴቶቹ ጋር እንደነበረች ሰማሁ። ታዲያ ከበሩ ጀርባ የነበረው ማን ነው? ሌሊቱን ሙሉ ያ እግር በጆሮዬ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ብነግርዎ አብዳለች ይሉኛል።»

«ግዴለሽም።»

«ዝናብ ሰማሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ቀና ስል ሰማዩ ጠራራ ነው፤ ደረጃውም ደረቅ። ከፍርሃቴ ብዛት ጆሮዬ ነው አልሁ።»

ሻምበል ቢያዝን ዓይኑን ከፈተ፤ ከዚያ በኋላም አልጨፈነም። ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየ። ከጣና ማዶ ጥቁር ደመና እየተቆለለ ነው። ሐምሌ ነበርና።

«ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ይሰብሰቡ» አለ።

ተሰበሰቡ። አስናቀ፣ መርስዔ ኀዘን፣ ሚስቱ የሺመቤት፣ ኑርሑሴን፣ ወለላ። ጠመንጃ የያዙት ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ሻምበሉ ግን ሸራው ሥር ቆሞ ዝም አለ። ዝም ሲል፣ ዝም ሲል አስናቀ መቁነጥነጥ ጀመረ።

«ጓድ ሻምበል፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ዝናብ።»

«እየቀለዱ ነው?» አስናቀ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። «በቃ! ሴትዮዋን አንሷት!»

አንደኛው መጥቶ ክንዷን ያዘ። ወለላ ወደ ሻምበሉ ዞረች። ይህን ጊዜ ጣራው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ተንኳኳ። ጥቂት ቆይቶ መላው ቆርቆሮ ተንጫጫ።

ሻምበሉ አፉን አንቀሳቀሰ፤ የሰማው የለም።

«ምን አሉ?» ብሎ ጮኸ አስናቀ።

«ይልቀቃት አልሁ!» ሻምበሉም ጮኸ። «ይኸው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዝናብ ሲጥል እንዲህ ተጯጩኸን ነው የምንሰማማው! ጠጋ በሉ!»

ጠባቂው ክንዷን ለቀቀ። ሁሉም ጠጋ አሉ።

«አዘዘ ጥቅሉ እስኪያልቅ በሕይወት ነበር ብላችኋል፤ ፊልሙ ሳይቋረጥ ስላያችሁ። ፊልም ግን ከተጀመረ ያለ ሰው ይሄዳል። ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሳሳሙ የምትሸፍነው እጅ። ትናንት ያቺ እጅ አልመጣችም። ጓድ አስናቀ፣ አዘዘ አልናቀዎትም። ሞቶ ነው።»

አስናቀ ዞሮ ወደ ማሽኑ ክፍል አየ።

«በዚያች ሰዓት እናንተ እዚህ ታይታችኋል። አንድ ሰው ግን ተሰማ እንጂ አልታየም። ሸራውን እያየ የሚተረጉም ሰው፣ በብርሃን ሲሳሳሙ እያየ ነፋስ መብራቱን አጠፋባቸው ለምን ይላል? ቀልድ ነው ብለውኛል። እሺ ይሁን። ታዲያ ለምን ይጮሁ ነበር? ከማጉያው ሲንሿሿ የነበረውስ ምንድን ነው? ወለላ ደረቅ ደረጃ ላይ ቆማ ምን ሰማች?» ጣቱን ወደ ጣራው አነሣ። «ይህንን ነው! ዓርብ ዕለት ዝናብ ነበር። መምህር መርስዔ፣ እርስዎ ዓርብ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮሁ ተረጎሙ፤ ያንንም በቴፕ ቀዱት። ቅዳሜ ሁለተኛው ጥቅል ሲጀመር ቴፑን ማይክሮፎኑ ፊት አስቀምጠው ደረጃውን ወጡ። ካሴቱ ግን ዝናቡንም ቀድቶት ነበር።»

«ይህ ግምት ነው» አለ መርስዔ ኀዘን። ከንፈሩ ግን ደርቋል። «ምን ማስረጃ አለዎት?»

ያን ጊዜ የሺመቤት ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ባሏን እየፈራች፣ ወለላን ይበልጥ እየፈራች ቆመች።

«ዓርብ ቴፑን ከቤት ይዞ ወጣ» አለች። «‹አነጋገሬን ልስማ› አለኝ። ትናንት ማታ ካሴቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። አየሁት። ዝም ያልሁት… ከተናገርሁ የራሴም ጉድ ይወጣል ብዬ ነው።»

መርስዔ ኀዘን ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጩኸቱን ትቶ ስለተናገረ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ረቡዕ ዕለት የዚያን የተከዳ ባል ጉድ ስተረጉም ሕዝቡ ይስቃል። ከላይ ያለው ሰው የማንን ታሪክ እንደምተረጉም ያውቃል። ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር፤ በጣውላው በኩል ሰማሁት።» ወደ ወለላ ዞረ። «ስታንኳኪ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። መዶሻው በእጄ ነው። አዳራሹ ውስጥ የገዛ ድምፄ ያወራል። ‹አትግቢ፣ ባክሽ አትግቢ› እያልሁ ነበር። ብትገቢ ኖሮ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም።»

ወለላ ያን ጊዜ ፍርሃቷ ገና መጀመሩ መሰላት። ጧት ያጽናሽ ያላት አፍ ይህ ነው።

መርስዔን ይዘውት ወጡ። አስናቀ «ያው፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» የሚል ነገር አጉረመረመና ኮቱን በራሱ ላይ አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ሻምበሉ ወለላ ፊት ቆሞ «ነገ ባልሽን ቅበሪ፤ የሚከለክልሽ የለም» አላት። ልታመሰግነው ፈልጋ መንፋረቅ ብቻ ሆነላት። ከትናንት ጀምሮ እንደ ሚስት ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። የሺመቤት ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ መውጣትም መቅረብም አልሆነላትም።

«ወለላ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ነገ… ቀብሩ ላይ ልምጣ?»

ወለላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ነይ» አለቻት። «ግን ከእኔ አብልጠሽ እንዳታለቅሺ።»