የጫልቱ አቤት

ጋኔን ምናምን የሚባለውን እኔ አምኜ አላውቅም፣ ጅብ በካልቾ ያባረርኩ ልጅ ነኝ፣ ላፍቶን ጠይቅ፣ ይቺ ግን እናቴ ትሙት እውነት ናት።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ከላፍቶ እስከ ለቡ ሜዳውን ጤፍ ይዞታል፣ ጭንቅላታቸውን ያመማቸው ልጆች እያደሩ የሚታከሙበት አንድ ግቢ ነበር፣ እኔ እዚያ አስታማሚ ነኝ፣ አበላቸዋለሁ፣ አስቃቸዋለሁ፣ ሲመሽ በፋኖስ ስም እጠራለሁ፣ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኛ!

ጫልቱ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ ቃል አይወጣትም። አባቷ ጋሼ ደቻሳ የለቡ ገበሬ ናቸው፣ «ከጎተራው ኋላ አንድ ነገር ጠራት፣ ሦስቴ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው፣ እሷ ግን ሦስቴ እስኪጠራት ሳትጠብቅ አቤት አለች፣ በዚያው ድምፅዋ ቀረ» ይላሉ። እኔ ሳቅኩ። ሐኪሙ ጊዜ ይስጡኝ ቢላቸው፣ «እስከ ቅዳሜ አንድ ቃል ካላወጣች ወስጄ ፀበል ቦታ አስራታለሁ» አሉ።

«እኔ አናግራታለሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

«አንተ ቀላማጅ፣ መጀመሪያ ራስህ ዝም ማለት ልመድ» አለችኝ የግቢው ነርስ ሲስተር አስካለ።

ምን አደረግኩ መሰለህ፣ አርብ ከሰዓት ልብስ ማጠቢያው ኋላ ተደብቄ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ጫልቱ!» አልኩ፣ አንዴ ብቻ፣ ደንግጣ አቤት ትል እንደሆነ ብዬ። ልጅቷ ሽንቷን ለቀቀች። አፈርኩ፣ ቀሚሷን ራሴ አጠብኩት።

የዚያኑ ዕለት ሲመሽ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ስም እየጠራሁ፣ ውጭ ልብስ ማጠቢያው ጋ ባልዲ ኳ አለ፣ በመስኮት ሳይ የተሰጣው አንሶላ ተርገበገበ፣ ነፋስ እኮ የለም፣ ከዚያ «ታደለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ታደለ እኔ ነኝ። ድምፁም የኔ ነው፣ ያ ያወፈርኩት፣ ራሱ! «አቤ...» ልል ስል ቀዝቃዛ እጅ አፌን ግጥም አደረገው፣ ጫልቱ ናት፣ አልጋዋ ላይ ቆማ።

«ታደለ!» አለ ደግሞ፣ አሁን ከበሩ ሥር።

ጆሮዬ ላይ፣ በሻከረ ድምፅ፣ «አንድ ይቀረዋል» አለችኝ።

ሦስተኛው አልመጣም።

ጠዋት ጋሼ ደቻሳ በቅሎ ይዘው ከተፍ። «ተናግራለች! ጆሮዬ ላይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታደለ፣ ዛሬ እንኳ ተወን» አለች ሲስተር አስካለ። ቀልደኛን ማን ያምናል? ሐኪሙ ጫልቱን ቢጠይቃት ከንፈሯን ነክሳ ዝም።

በቅሎው ላይ አስቀምጠዋት በሩ ጋ ሲደርሱ አላስቻለኝም፣ እንደ ሰው ደንብ፣ ሳልደበቅ ቆሜ፣ «ጫልቱ! ጫልቱ! ጫልቱ!» አልኳት። ዞረች። ከንፈሯ እንደተዘጋ ነው፣ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ።

«አቤት!» አለ የልጅ ድምፅ፣ ከኋላዬ፣ ከልብስ ማጠቢያው።

የበቅሎው ገመድ ከጋሼ ደቻሳ እጅ ወደቀ። «የልጄ ድምፅ ነው» አሉ፣ ከዚያም «ድምፅዋ እዚህ ከሆነ እሷን የት እወስዳታለሁ?» ብለው አወረዷት።

ቀረችልን። ሲመሽ ሦስቴ እጠራታለሁ፣ እጇን ታወጣለች፣ «አቤት» የሚለው ድምፅ ግን ከውጭ ይመጣል፣ መጀመሪያ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከዚያ ከጉድጓዱ ጋ፣ ከዚያ ከደረጃው። እኔ ሥራውን የለቀቅኩት ፈርቼ እንዳይመስልህ፣ ደሞዙ አንሶኝ ነው። ስለቅ ድምፁ መስኮቱ ሥር ደርሶ ነበር።