በካልሲ የተመታው ኦርጋን

ሶሊያና ያን እሑድ ስትፈራው ነው የከረመችው። አባቷ አቶ ኃይሉ ኖህን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል የሚያዩበት ቀን ነዋ።

ከኖህ ጋር የተዋወቁት ባለፈው ክረምት ነበር። የምትንከባከባቸውን ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት በዊልቸር እየገፋች ፊሊፕስ ሰፈር ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው ስትገባ፣ አሜሪካ ያደገው የሐበሻ ልጅ ኖህ ኦርጋን ይለማመድ ነበር። ዘወር ብሎ አያትና ጣቱ ተሳሳተበት። ከዚያ ወዲያማ አሮጊቷ በየሰበቡ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው አገኙ።

አባት ግን የኖህን ቪዲዮ አይተው ቁርጡን ነግረዋታል።

«በእግዚአብሔር ቤት ጫማውን ግጥም አድርጎ ሙዚቃ በእግሩ የሚረግጥ ልጅ? አይሆንም!»

«አባዬ፣ ኦርጋን በእግርም ነው ፕሌይ የሚደረገው። ጫማውም ስፔሻል ነው።»

«ሙሴስ አውልቅ ሲባል ‹ስፔሻል ነው› ብሎ ተከራከረ?»

ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም። ስለዚህ «አንዴ ብቻ ስማው» ብላ ለምና አመጣቻቸው።

የእሑዱ ዝግጅት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በፖሊስ እጅ ለሞቱ ጥቁሮች መታሰቢያ ነበር። ኖህ የጥቁር አሜሪካውያን አያቶች በባርነት ዘመን የዘመሩትን መዝሙር ለኦርጋን አዘጋጅቶታል። አቶ ኃይሉ በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁ። ሶሊያናም እፍረቷን ዋጥ አድርጋ የሷን አወለቀች።

ኖህ ሲጀምር የኦርጋኑ ወፍራም ድምፅ ከወለሉ ተነሥቶ በካልሲያቸው በኩል ገባ። ዜማው ከላይ ቀስ እያለ አለቀሰ። አቶ ኃይሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሶሊያና ደነገጠች። አምና ፕሊማውዝ መንገድ ላይ ፖሊስ ያለ ጥፋታቸው ሲያስቆማቸው፣ እጃቸውን የመኪናው መሪ ላይ ያስቀመጡት ልክ እንዲህ ነበር። ከጎናቸው ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

«ይሄ ልጅ የኔን ነገር ከየት አወቀው?» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

ሲያበቃ ኖህ ወደ እነሱ መጣ፤ በካልሲ። አቶ ኃይሉ እግሩን አይተው ፊታቸው በራ።

«ጫማህን አውልቀህ ነው የመታኸው?»

ሶሊያና «አዎ በል» ብላ በዓይኗ ለመነችው። ኖህ አያትና አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልችልም። የኦርጋኑን ጫማ ቤት ረስቼው መጥቼ ነው። ሪሊ ሶሪ።»

በቃ፣ አለቀ አለች በልቧ።

አቶ ኃይሉ የኖህን ካልሲ ደግመው አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ።

«ረሳሁ ትላለህ እንጂ እግዚአብሔር አስረስቶህ ነው! እውነቱን መናገርህ ደግሞ ደስ አለኝ።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ብቻ ሽማግሌ ስትልክ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እየፈለጉ፣ «እነሱ እንኳ ተጫምተው ይምጡ።»