የስንታየሁ ጨው

«ነይ እስቲ፣ አንቺው ቅመሺው!»

ጽናት የውኃውን ጀሪካን ገና ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው የእንጀራ እናቷ ኮከቤ የጮኸችባት። ኮከቤ ሕፃኑን ስንታየሁን ታቅፋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ግንባሩን ሳም አደረገችና ከንፈሯን ላሰች። እንደገና ሳመችው፣ እንደገና ላሰች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን ሆነ?» አለች ጽናት።

«ወንድምሽ አይደል? ሳሚው እንጂ! ምን አስፈራሽ?»

ጎንበስ ብላ ሳመችው። ጨው ነው። የዐሥር ወር ሕፃን ግንባር ጨው ጨው ይላል።

«እኔ ገበያ ስወርድ የሚያጎርሰው ማነው? አንቺ! ሌላ ሰው አለ? ያን የበግ ጨው በገንፎው እየለወስሽ አንጀቱን ጨረስሽው። ልጄ ለካ ወዶ አይደለም የማይወፍረው!»

ነገሩ እዚያው ቢያልቅ ደግ ነበር፤ አላለቀም። አባቷ መኳንንት ከበጎቹ ሲመለስ እሱም ሳመ፣ እሱም ላሰ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለችውን የጨው ስልቻ በእጁ ከፍ አድርጎ መዘናት። የመንዝ በግ አርቢ ጨው መጉደሉን ለማወቅ ሚዛን አያሻውም። ጎድሏል። ባለፈው ሳምንት ለበጎቹ ቀንሶ የበተነው ራሱ ነበር። ግን ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ሲያገኝ የገዛ እጁን ይረሳል።

«በእናትሽ አጥንት አላደረግኩም በይ» አላት።

እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ጽናት በእናቷ አጥንት ምላ አታውቅም።

«በእናቴ አጥንት አላደረግኩም።»

በጥፊ አጮላት። «ጭራሽ የሞተች እናትሽን ለውሸት ትጠሪያለሽ?»

በማግስቱ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ስምንተኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ አብራት አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ትሕትና የገብስ ቆሎዋን ከኪሷ አወጣችና ለጽናት ልትዘግን ስትል እጇን መለሰች። «ውይ፣ ረስቼው! ጨው የለበትማ፣ አይጥምሽም» አለች። ከኋላ ያሉት ወንዶች በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟ «ጨዊት» ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ያወራል፤ የምታውቀውን የጠየቃት ግን አንድም የለም። ጽናት ከጨው በፊትም የምታውቀው ነገር ነበራት። የስንታየሁን የሽንት ጨርቅ የምታጥበው እሷ ናት። የአክስቷን ልጆች ጨርቅ አጥባለች፣ የጎረቤትም አጥባለች፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየችም። ዓይነ ምድሩ ብዙ ነው፤ ገርጥቶ ቅባት የተቀባ ይመስላል። የወንዝ ውኃ ሲወርድበት ይንሸራተታል እንጂ አይለቅም። ውኃው ላይ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል። ሽታውስ! እግዚኦ፣ ሽታው በነጠላ ተሸፍኖም አይቻልም።

መብላቱን ግን ይበላል። ጡቱን ጠብቶ፣ ገንፎውን ጨርሶ፣ ሳህኑን ሲያነሱበት ያለቅሳል። ሆዱ ተነፍቷል፤ እጅና እግሩ ግን የስንደዶ ያህል ናቸው። ሳሉም አለ፤ ከክረምት ጀምሮ አንድ ሳምንት ለቆት አያውቅም።

ደግሞ የግልገሎቹ ነገር አለ። ልብስ አጥባ ካቡ ላይ ስታሰጣ ግልገሎቹ የአባቷን ቁምጣ ያልፋሉ፣ የኮከቤን ቀሚስ ያልፋሉ፤ ከታጠበው ሳይሆን ገና ካልታጠበው ክምር ውስጥ የስንታየሁን ሸሚዝ ጎትተው አንገቱ ላይ መላስ ይይዛሉ። ያኔ ስቃ ነበር። አሁን ነው የገባት።

ለማን ትንገር? ኮከቤ የጨው ስልቻዋን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባት፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ገንፎውን ራሷ ታገነፋለች፣ ራሷ ታበላለች። ጽናት ሕፃኑን እንዳትነካው ተባለች። ጨርቁን ማጠብ ግን አልተከለከለችም፤ ለዚያ ለዚያማ እጇ ንጹሕ ነው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ጽናት ደጃፉ ላይ ቆማ ሳለ ኮከቤ ልጇን አነሳችው። ጉንጩን ሳመችው። ምላሷ ከንፈሯ ላይ ቆመ።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቁልፉ ኮከቤ አንገት ላይ ነው፤ ገንፎው የኮከቤ ገንፎ ነው። ሕፃኑም አሁንም ጨው ነው። ጽናት ጠበቀች። አንድ ቃል፣ «ለካ አንቺ አይደለሽም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ።

«ምን ትገተሪብኛለሽ? ውኃ አትቀጂም!» አለች ኮከቤ።

ያን ቀን ጽናት ወንዝ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ካለማወቅ የመጣ በደል ነው ብላ ችላው ነበር። ሰው አውቆ ዝም ሲል ግን ያቃጥላል።

በሳምንቱ የስንታየሁ ሳል ባሰ፤ ትኩሳትም ያዘው። መኳንንት መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት እንውሰደው አለ። «አንቺም ትመጫለሽ» አላት ጽናትን፤ «ሐኪሙ መርምሮ ጨውሽን ሲያገኘው ያኔ እናይሻለን።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግር ሄዱ። ኮከቤ መንገድ ላይ ስትደክም ልጁን ሳትወድ ለጽናት ሰጠቻት። ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ ታዘለላት። በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ ላቡ ጀርባዋን አረጠባት። ቅልል ማለቱ አስደነገጣት፤ የመማሪያ ቦርሳዋ ከእሱ ይከብዳል።

ሐኪሙ ዶክተር አወቀ ይባላል። ወጣት ነው፤ የመነጽሩ አንድ እጅ በክር ታስሯል። መኳንንት አልጠበቀም። «ዶክተር፣ ይህቺ ልጅ ወንድሟን የበግ ጨው አብልታብኛለች። ይመርምሩልኝና እዚሁ ትመን።»

ሐኪሙ የሕፃኑን ልብስ አስወልቆ ሆዱን ዳበሰ፣ ደረቱን አዳመጠ። «ዓይነ ምድሩ ምን ይመስላል?» አለ።

ኮከቤ ባሏን አየች። ባሏ መሬቱን አየ። ሁለቱም አያውቁትም።

«ቅባት አለው» አለች ጽናት። «ብዙ ነው። ይገረጣል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በጣም ይሸታል። ይበላል ዶክተር፣ እየበላ ነው የሚከሳው። ጨው ከተቆለፈም በኋላ እንደዚያው ነው።»

ሐኪሙ ዞሮ አያት። ከዚያ ጣቱን ሕፃኑ ግንባር ላይ አሳርፎ ወደ ምላሱ ወሰደው። «ጨው ከቆለፋችሁ ስንት ቀን ሆነ?»

«ሃያ ስምንት» አለች ጽናት።

«ከእሱ በፊት የሞተ ልጅ አላችሁ?»

ኮከቤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንዲት ሴት ነበረች። ሆዷ እንደተነፋ፣ ዓይነ ምድር ሳይወጣት፣ በአራተኛ ቀኗ ሄደች። ሰው በላት አሉኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ላቡን የሚመረምረው መሣሪያ እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባ እጽፍላችኋለሁ። ግን ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽ ከቆሽቱ የሚወጣለት አይመስለኝም። ለዚያ ነው ቅባቱ እንዳለ የሚወጣው፣ የበላውም ሥጋ የማይሆነው። ጨዉን ደግሞ ሰውነቱ በላብ ይደፋዋል። ሲወለድ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከእናትም ከአባትም በዘር ይመጣል፣ ከሁለታችሁም። ማንም ምንም አላበላውም።»

ጽናት ወደ አባቷ አየች። አባቷ የባርኔጣውን ጠርዝ እያሻሸ ነበር።

«ታዲያ ምን እናድርግለት?» አለች ኮከቤ።

«ለደረቱ መርፌ ይወጋል። ቶሎ ቶሎ አብሉት። ደግሞ ጨው ስጡት።»

የመኳንንት እጅ ባርኔጣው ላይ ቆመ።

«ለጤነኛ ሕፃን አይደረግም፤ ለዚህ ግን የግድ ነው። ሲያልበውና ሲያስቀምጠው ጨው ካልተተካለት ይደርቅና ያመልጣችኋል።» ከመሳቢያው የሽሮፕ ማንኪያ አወጣ፤ መስመር አለባት። «እስከዚህ መስመር፣ በቀን አንዴ ከገንፎው ጋር። ከመስመሩ አታሳልፉ።» ማንኪያዋን ለኮከቤ ዘረጋላት። ኮከቤ እጇን አላነሳችም። ጽናት ተቀበለቻት።

ሲመለሱ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ፣ መኳንንት ቆመ። ወደ አዲስ አበባ የተጻፈውን ወረቀት በጋቢው ጫፍ ቋጠረው።

«ሐኪሙ ያለው እዚሁ ይቅር» አለ።

«እንዴት አባባ? እኔ እንዳልሆንኩ ሰሙ እኮ!»

«ሰማሁ። ከዘራችሁ ነው ተብሎ ቢወራ ማን ከቤታችን ያገባል? አንቺንስ ማን ይወስድሻል? ሰው አሁን ጨው አበላችው የሚል ወሬ ይዟል፤ እሱ ይበቃዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክመሽ ኮከቤን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ልጅነት ነው ይባላል፣ ይረሳል።»

«ያላጠፋሁትን?»

«ከተሸከምሽ ሚኒስትሪሽን ትፈተኛለሽ። እምቢ ካልሽ ደብተሩም ይቀራል።»

ያም ሆኖ የጠየቀችው ስለ ድንጋዩም ስለ ፈተናውም አልነበረም። «ጨውስ?»

«አገር ምድሩ ጨው ሊገድለው ነው እያለ ደግሞ ጨው ስጡት ትያለሽ? አፍሽን ዝጊ!»

ኮከቤ ሁሉንም ሰማች። ልጇን አጥብቃ አቅፋ መንገዷን ቀጠለች።

ዓርብ ስንታየሁን ያስቀምጠው ጀመር። ቅዳሜ ስምንት ጨርቅ አጠበች። እሑድ ጠዋት ካቡ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ሳይደርቅ ቅዳሴ ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ደጅ ካለው መደብ ላይ ተደረደረ። የነፍስ አባታቸው አባ በዕውቀቱም መጡ። ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። መኳንንት ራሱ መርጦ፣ ጭቃውን ጠርጎ ነው ያመጣው። «ቀለል ያለውን ነው የፈለግኩልሽ» ብሏታል ጠዋት፣ እንደ ውለታ።

ጽናት ነጠላዋን ልታወርድ ጓዳ ገባች። ኮከቤ ልጇን ታቅፋ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች። የስንታየሁ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። አያለቅስም። ያ ሳህን ሲነሳበት የሚያለቅስ ልጅ ሳህኑን አያየውም።

«ዛሬ ስንቴ አስቀመጠው?»

«አራቴ» አለች ኮከቤ።

«እትዬ ኮከቤ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

ኮከቤ በበሩ ክፍተት ወደ ደጅ አየች። «ቢሞትስ? ጨው ሰጥታ ገደለችው ነው የሚሉሽ። እኔን ደግሞ አትጠብቂኝ፤ አልመሰክርልሽም።»

«አውቃለሁ።»

ኮከቤ ክሩን ከአንገቷ አወጣችው። ቁልፉን በእጇ አልሰጠቻትም፤ ወለሉ ላይ ጣለችው። ከሳጥኑ ተነሳች፣ ልጁን አስታቀፈቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ አላየሁም።»

ጽናት ልጁን አጠገቧ አስተኝታ ሳጥኑን ከፈተች። ማንኪያዋን ከስልቻው ሞላች፣ ትርፉን በጣቷ ጠርጋ መስመሩ ላይ አቆመችው። ገንፎው እዚያው ሞቅ እንዳለ ነው። እዚሁ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ለውሳ ብታበላው የሚያያት የለም። ከዚያ ወጥታ ድንጋዩን ብትሸከም ፈተናዋም አይቀርባት። ነገም ተደብቆ ይሰጠዋል፣ ከነገ ወዲያም። እስከ መቼ? እሷ ትምህርት ቤት ስትውል ማን ይሰጠዋል? ድንጋይ ተሸክማ ጨው ገዳይ ነው ካለች በኋላ፣ በዚህ ቤት ጨው የሚያነሳለት ማነው?

ስልቻዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች፣ ሕፃኑን አቀፈች፣ ሳህኑንና ማንኪያውን ይዛ ወጣች።

መኳንንት በአገጩ ድንጋዩን አመለከታት።

መቀመጫ ፈለገች። መደቡ ሞልቷል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ጽናት!» አለ አባቷ።

ማንኪያዋን ለሁሉም እንድትታይ ከፍ አደረገቻት። «ጨው ነው» አለች። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠችው። ከሴቶቹ አንዷ «በስመ አብ!» ብላ ተነሳች። አባ በዕውቀቱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። አባቷ አንድ እርምጃ ተራመደ።

አንድ ግልገል መጥቶ ስልቻውን ያሸት ጀመር። በእግሯ ገፋ አደረገችው። ገንፎውን ደህና አድርጋ ለወሰች፣ በጣቷ ጫፍ ወሰደች፣ የወንድሟን አገጭ ቀና አደረገች።

«አፍህን ክፈት፣ ስንታየሁ» አለችው።

ከፈተ።