ሦስት ደጃፍ ቀይ ቦሎቄ

ወይዘሮ ማንግን ከጉድጓዱ ሲያወጧቸው ጃንጥላቸውን እንደጨበጡ ነበር። በኮሪያዋ ጆንጁ ከተማ አሮጌ ሰፈር ገዳያቸውን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከስድሳ ዓመት በፊት እዚያው የሰመጠችው ሙሽራ መንፈስ ሆና ጎትታቸዋለች። ፖሊሶቹ ሙሽራዋን ማሰር ስላልቻሉ የሟቿን ምራት ሱክዪን ያዙ። አማትና ምራት ጠዋት በሾርባ ጨው መብዛት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። አማቷ አኩርፈው ሰው ቤት የሄዱ መስሏት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለመፈለጓም ተቆጠረባት።

ኢንስፔክተር ቦንግ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመች። ግንቡ ደረቷ ድረስ ይመጣል። ሟቿን ደግሞ እርጅና አጉብጧቸው ነበር።

«እዚህ ለመውደቅ መሰላል ያስፈልጋል» አለች።

ጉድጓዱ ያለበት ግቢ ሦስት ደጃፍ አለው፤ የሱክዪና የአማቷ፣ የማራገቢያ ሠሪው የሽማግሌው ፕዮ፣ እንዲሁም ጎብኚዎችን በመናፍስት ታሪክ የሚያዞረው የታክ። ከጉድጓዱ የሚመጣ መንፈስ እንዳይገባ በሦስቱም ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቀይ ቦሎቄ ተበትኗል። ቦንግ ጉልበቷን እየረገመች በየደጃፉ ጎንበስ ብላ ጥቂት ጥቂት ለቀመች፤ ሳትቀላቅል በመሐረቧ ቋጠረችው።

ፕዮ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲለጥፉ መዋላቸውን፣ ወይዘሮ ማንግም ሐሙስ ጉድጓዱን ሊያስደፍኑ ሠራተኛ መቅጠራቸውን ነገሯት። ታክ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ሙሽራዋን ታምናለህ?» አለችው።

«እኔ? ዘጠኝ ዓመት ሰው ያስፈራራሁባትን?»

«ቦሎቄውስ?»

«ሱክዪ አስከሬኑን አይታ ስትጮህ ሁሉም በተነ። እኔም ለወጉ።»

ቦንግ ሁሉንም ግቢው መሀል ሰብስባ መሐረቧን ፈታች።

«አባባ ፕዮ፣ የእርስዎ ይኸው፤ ጥርስ ይሰብራል። የሱክዪም እንደዚሁ ነው። ያንተ ግን፣ ታክ፣ አብጦ ለመፈንዳት አንድ ሐሙስ ነው የቀረው።»

«ውሃ ነክቶት ነዋ።»

«የቱ ውሃ? ዝናቡ ስድስት ሰዓት ላይ አባራ። ሱክዪ በዘጠኝ ስትጮህ ድንጋዩ ደርቆ ነበር። ያንተ ቦሎቄ ጠዋት ዝናብ ሲጠጣ የቆየ ነው። ወይዘሮ ማንግም የሞቱት ጃንጥላ ይዘው፣ በዝናቡ ነው። ሞታቸውን ማንም ሳይሰማ አንተ መንፈስ ትከላከል ነበር። ከዚህ ግቢ ሙሽራዋን ከልቡ የፈራት አንተ ብቻ ነህ።»

ታክ ቦሎቄውን አየ።

«ለመንኳቸው» አለ። «ጉድጓዱ ከተደፈነ ምን አሳያለሁ? ለምን እንደጨከኑብኝ እንኳ አልነገሩኝም።»

«አክስታቸው ነበረች» አሉ ፕዮ። «ሙሽራዋ። ሰው ሲስቅባት መስማት መሯቸው ነው።»

«አላውቅም ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት ስሟን እንኳ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለች ቦንግ።

ፖሊሱ የሱክዪን እጅ ለቆ የታክን ያዘ። ይቅርታ የጠየቃት የለም።

ሱክዪ በኋላ ጉድጓዱን ላስደፍን ብትል፣ ታሪካዊ ሆኗል ተባለች። አሁን ሌላ አስጎብኚ መጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በወረቀት በሯ ማዶ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ ሲል ትሰማዋለች። ሰዎቹ ይስቃሉ። እሷ ሾርባዋን ታማስላለች፤ ጨው መጨመር ትታለች።