ባለ ስምንት ምላሱ ከበሮ

ከመድኃኒት ቤቱ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ላይ የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራበት የብየዳ ቤት አለ። ፋርማሲስቷ ሁልጊዜ ጆሮዋን ይዛ ነው የምታልፈው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን የመቁረጫው ጩኸት ድንገት ቆመና ከውስጥ ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ለስላሳ፣ ወፈር ያለ፣ ከተመታ በኋላ አየር ላይ የሚቆይ። እጇን ከጆሮዋ አወረደችና በሩ ላይ ቆመች።

በያጁ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ የደፋውን ጎድጓዳ ብረት፣ የብየዳ ብልጭታ ባጠቆራቸው ጣቶቹ ይመታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከበሮ ነው እህቴ። ድሮ የጋዝ ሲሊንደር ነበር።» ላዩ ላይ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል የተቀረጹትን ስምንት ቁራጮች አሳያት። «እነዚህ ምላሶቹ ናቸው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። ምላሰኛ ሆኖ የሚወደድ ይሄ ብቻ ነው።»

ሳቀች። መሳቋ ራሷን ገረማት። አራት ወር ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ሳቅ አልነበረም። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋው አባቷ ስትሮክ መትቶት፣ ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ሐኪሙ ጣቶቹን እንዲያሠራበት የሰጠውን የላስቲክ ኳስ «ኳስ የምጫወትበት ዕድሜ አልፎኛል» ብሎ አልጋ ሥር ወርውሮታል።

«በጣት የሚመታ ነው?» አለችው።

«በዱላም በጣትም። በጣት ሲሆን ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«ትዕግሥት የሌለው ሰውስ ይማረዋል?»

«ማን ነው እሱ?»

«አባቴ።»

እሑድ ከሰዓት በያጁ ከበሮውን በፎጣ ጠቅልሎ ቤታቸው መጣ። አባትየው ከእግር እስከ ራሱ አየውና «የሸሚዝህ አንገት ጠማማ ነው» አለ። ሰላምታው ያ ነበር።

በያጁ ከበሮውን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። «ምላሱን ሥሩ ላይ ሳይሆን ጫፉ አካባቢ ነው የሚመቱት፤ በጣትዎ ሥጋ፣ በጥፍርዎ አይደለም። ነካ አድርገው ወዲያው ያነሱታል። ጣትዎ ከቆየ ድምፁ ይታፈናል።»

የአባትየው የቀኝ እጅ ጣት ወድቆ እዚያው ተኛ። ዱብ የሚል ደረቅ ድምፅ ብቻ ወጣ። ፊቱን አጨፈገገ።

«የጋለ ካውያ እንደነኩ ያድርጉት።»

«ካውያማ አውቃለሁ» አለ አባትየው። ስንቱን ካውያ በጣቱ ጫፍ ነካ እያደረገ ሙቀቱን ፈትኗል። ደጋገመው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ብረቱ ድንንን ብሎ ጮኸና ድምፁ ክፍሉን ሞላ። እስኪጠፋ ድረስ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ የከበሮ ቀን ሆነ። አባትየው በሁለት ጣት ሁለት ምላስ አንድ ላይ መምታት፣ ሲሻው መዳፉን ደፍቶ ድምፁን ጸጥ ማድረግ፣ በምላሶቹ መሃል ያለውን ባዶ ብረት በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ምት መጠበቅ ተማረ። ጣቱ ሲደክም ጫፉ ላስቲክ የለበሰውን ዱላ ያነሳል።

አንድ እሑድ እሷ «ይቺኛዋ ምላስ ትንሽ አልቀጠነችም?» አለች።

በያጁ ቀና ብሎ አያት። «ጆሮ አለሽ።» ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ከዚያችው ምላስ ጫፍ ሥር በውስጥ በኩል ለጠፈ። «ሲከብዳት ድምፅዋ ይወርዳል። ነይ ስሚው።»

ከወዲህና ከወዲያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ። በያጁ ብረቱን መታ። ድምፁ ቀስ በቀስ ከሰመ። ሁለቱም ቀና አላሉም፤ ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ቀሩ።

«ድምፁ አልቋል» አለ አባትየው ከወንበሩ።

ማታ እራት ሲበሉ «ያ ልጅ እህቴ ማለቱን ተወ» አላት።

«አላስተዋልኩም።»

«የታመመው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ከወር በኋላ በያጁ በብየዳ ቤቱ በር ላይ አስቆማት። ቃላት ሲመርጥ ቆይቶ «እኔ ወሬ አልችልበትም» አለ። «ላገባሽ እፈልጋለሁ። ያለችኝ ከዚህ ጀርባ አንዲት ክፍል ናት።»

እሺ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ግን የአባቷ እጅ ታያት፤ ቁልፍ የሚቆልፍለት፣ መድኃኒት የሚያስታውሰው ማን ነው?

«አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች።

«ገባኝ» አለ፤ ጓንቱን አጥልቆ ወደ ሥራው ዞረ። ያልገባው መሆኑን ልትነግረው ፈልጋ እግሯ ቀድሟት ሄደ።

በያጁ ሁለት እሑድ ሳይመጣ ቀረ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብትልም አባትየው አላመናትም። ሰኞ እሷ ሥራ እንደገባች ከዘራውን አነሳና ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ከቤት ወጣ። የሩብ ሰዓቱን መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀበት።

በያጁ ሲያየው መነጽሩን አውልቆ ወንበር ይዞ ሮጠ።

«ለምን ቀረህ?»

«ልጅዎ አልፈልግህም አለችኝ፣ አባባ።»

«እንደዚያ አለችህ?»

«አባቴን ጥዬ አልሄድም ነው ያለችኝ።»

አባትየው ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስንት ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ደንበኛ ልብሱ ጠበበኝ ሲል አስፋልኝ ማለቱ ነው፤ አልፈልገውም ማለቱ አይደለም። ቤታችን ሦስት ክፍል ነው። ያ የሚጮህ ማሽንህ ግን እዚሁ ይቀራል።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በያጁ እጁን በሳሙና ፈትጎ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። ወረፋ ስለነበር ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ እሷ በድንጋጤ እንደማንኛውም ደንበኛ «ምን ልስጥህ?» አለችው።

«አባባን ጥለሽ ነይ አላልኩሽም። እኔ ወደ እናንተ ቤት ብመጣስ?»

«ማን መከረህ?»

«አባባ። ጠዋት መጥተው ነበር።»

«በምን መጣ?»

«በእግራቸው።»

አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንፈሯ ግን እየሳቀ ነበር። ከኋላው የቆሙ አንዲት እናት በትከሻው በኩል ብቅ ብለው «ልጄ፣ እሺ በይውና የደም ግፊት መድኃኒቴን ስጪኝ» አሏት።

«እሺ» አለችው። ከዚያም የሴትየዋን መድኃኒት አውርዳ በደንብ አስረዳቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ።