ከኦቶ ድምፅ በስተጀርባ

ኔቪል ፔድሪክ ሞቶ የተገኘው ከሬድዮ ጣቢያው ጀርባ፣ በማስተላለፊያው ምሰሶ ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። የመሣሪያ ቀበቶው ወገቡ ላይ ታስሯል። ለቅርብ ሥራ የሚያደርገው ወፍራም መነጽር አንደኛው እጀታ ከጆሮው ሳይላቀቅ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሏል። ያገኘችው ዓርብ የጠዋቱን ፕሮግራም ልትከፍት የመጣችው ሼይ ባንክስ ናት። የትንሿ የባሕር ዳር ከተማ፣ የፖርት ዌሪንግ፣ ፖሊስ መጥቶ ምሰሶውን ሽቅብ፣ ሬሳውን ቁልቁል አየና «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው» አለ። ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ።

መርማሪ ሳጅን ኢሊን ፋሩጃ ከፖርት ሊንከን የመጣችው ለደንቡ ያህል ነበር። አጭር፣ ደርበብ ያለች፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መነጽሩን ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጣቢያው ገባች።

ጣቢያው ድሮ ኦይስተር የተባለው የሚበላ የባሕር ዛጎል የሚታሸግበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። አሁንም ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው ዛጎል ዛጎል ይሸታል። የሚሠሩበት ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኔቪል ዕድሜውን በስልክ ሠራተኝነት ጨርሶ ጡረታ ከወጣ በኋላ የጓዳዋን ክፍል ያዘ፤ ሰው የጣለውን ላፕቶፕ እየሰበሰበ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እየጫነ ነፍስ ይዘራበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከእነዚያ አንዱ ተከፍቶ ቆሟል። ከጎኑ ራሱ የበየደው ትልቅ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ አለ። ከበሩ ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ ምሰሶ ሲወጣ የሚታጠቀው የደኅንነት ማሰሪያ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

ሳጅኗ ማሰሪያውን ነካ አድርጋ ተወችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሼይን ነው። ሼይ ከአዴሌድ ከመጣች ገና መንፈቋ ነው፤ ከኔቪል ጋር የማይስማሙ መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሷም አልደበቀችም። አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ ብላ ኮሚቴው ፊት ተከራክራለች፤ ኔቪል «ለሶፍትዌር ኩባንያ ኪራይ ከመክፈል ጆሮዬን ብቆርጥ ይሻለኛል» ብሎ አሸንፏታል።

«እና ጆሮውን ቆረጠ?» አለች ሳጅኗ።

«ሊቆርጥ ምን ቀረው! የዚያ ላፕቶፕ የማዳመጫ ድምፅ ተበላሽቶበት አሳሩን ሲያይ ነው የከረመው። ሶፍትዌሩን አጥፍቶ ጫነ፣ እንደገና አጠፋ፣ እንደገና ጫነ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ጎትቶ እየወሰደ፣ 'ስሚ፣ የሰውየው ድምፅ ይጠፋል፣ ሌላ ድምፅ ይገባል' ይላል። የሊኑክስ ሰዎች ደንብ ነው፤ ብልሽት ካገኘህ ሌላ ጆሮ ሳይሰማልህ ብልሽት ነው አትልም።»

«አንቺስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ እንጂ። የሟቹ የኦቶ ሄይስማን፣ የሊቀ መንበራችን አባት፣ ቃለ መጠይቅ ነው። ሽማግሌው እንደ ጉም ይጠፋል፤ ከኋላው የጀልባ መገናኛ ሬድዮ የሚመስል ነገር ይንኮሻኮሻል። ኔቭ ሶፍትዌሩ ሌላ ፋይል እየቀላቀለ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ምን አገባኝ፣ ጣቢያው በአየር የሚያስተላልፈው ሁሉ ጥርት ያለ ነው።»

ሳጅኗ እዚህ ላይ ቀና አለች። «አድማጭ ዘንድ ብልሽት የለም?»

«የለም። ማዳመጫው ላይ ብቻ ነው። እኔም ኮራልም ስንቴ ነግረነዋል፤ እሱም ያውቃል።»

ኮራል ዊቶም የጣቢያው አስተባባሪ ናት። በስልሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጠጉሯን ራሷ የምትቆርጥ ሴት ናት። ሻይ በወተት አቀረበችና ሳትጠየቅ ጀመረች። ኔቪል ሐሙስ ቀን ደውሎላት ነበር። ከከተማው ሁሉ ጥሩ ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ነገ መጥተሽ አንድ ነገር ስሚልኝ ብሏታል። እሷ ግን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ካደረገች ዓመት አልፏታል። ልጇ ታይ ባሕር ላይ ከሞተ ወዲህ ከቢሮ ሥራ በቀር አትሠራም።

«እንዴት ሞተ?» አለች ሳጅኗ።

«ለሄይስማኖች ነበር የሚሠራ፣ ሆዴ። ሞተሩ ቆመበት፤ ንፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። መገናኛ እጁ ላይ ነበር፤ አልጠራም። ግራንት ሄይስማን ችሎት ፊት ቆሞ 'መገናኛው ቤቴ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፣ ማንም አልጠራም' አለ። እዚህ ጀልባ ባሕር ላይ እያለ መገናኛ የሚዘጋ ቤት የለም። ችሎቱም በራሱ ቸልተኝነት ሞተ ብሎ ጻፈ።» ስኒዋን አዞረች። «እኔም ያንኑ ነው ያልኩት። እናቱ ነኝ፤ ልሸፋፍንለት አልፈለግሁም።»

ግራንት ሄይስማን የኦይስተር እርሻው ባለቤትና የጣቢያው ሊቀ መንበር ነው። ሳጅኗ ያገኘችው ኦይስተር በሚለይበት ቤት፣ ጓንቱን አጥልቆ ነው። ሰፊ ትከሻና የለዘበ ድምፅ አለው። ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ጣቢያውን እንዳልረገጠ ነገራት። ስለ ኔቪል ሲያወራ ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ተው ብዬው ነበር፣ ሳጅን። ለባለሙያ ተወው፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ምሰሶ አይወጣም አልኩት። ድምፁ ተበላሸ ብሎ ነው የወጣው።»

«አንተስ የድምፁን ብልሽት ሰምተኸዋል?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ በሬድዮ። አባቴ እያወራ ሳለ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ጠፋ። ሽሽ የሚል ነገር ብቻ ቀረ።»

«በቅርቡ ነው?»

«በዚሁ ሳምንት።»

ሳጅኗ አመሰገነችው። አባቱ ቃለ መጠይቁን የሰጡበትን ክፍል ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ወደ ቤት ወሰዳት። ሽማግሌው ኦቶ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከማቀዝቀዣው በላይ፣ መደርደሪያ ላይ፣ የባሕር መገናኛው ቀይ መብራት በርቷል።

ወደ ጣቢያው ተመልሳ የኔቪልን ላፕቶፕ ከፈተች። የኦቶ ቃለ መጠይቅ የለም፤ ፋይሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰርዟል። ሼይን ጠየቀቻት። ሼይ ደነገጠች፤ ቅጂውም ያለው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር፣ የሽማግሌው ሙት ዓመት ሲደርስ ሊተላለፍ ነበር የተቀመጠው አለች።

«እስካሁን በአየር አልሄደም?»

«አንዴም።»

ሳጅኗ ቁጭ ብላ ማሰብ ጀመረች። በነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሲቸገሩ ችግራቸውን ደብቀው አይዙም፤ የማያውቁት ሰው እንዲረዳቸው የተበላሸውን ነገር ራሱን ይልኩለታል። የኔቪልን መልእክቶች ፈለገች። እውነትም ዳኒዲን በምትባል ሩቅ ከተማ ለሚኖር አንድ ሰው ከቃለ መጠይቁ ቆርጦ ልኮለታል፤ የላከውም እንግዳው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበትን ክፍል ነው። የሰውየው መልስ የደረሰው ኔቪል ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ዘንድ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ላፕቶፑን ተወው፣ የማዳመጫህን ገመድ ለውጥ ይላል። ምክንያቱንም አብራርቶለታል።

ሳጅኗ የኔቪልን ማዳመጫ ላፕቶፑ ላይ ሰክታ የተላከውን ቁራጭ አዳመጠች። ከዚያ ቁራጩን ወደ ራሷ ስልክ ልካ ማዳመጫውን እዚያ ሰካችው። ያው ጥፋት ነው። ኔቪል ሙሉ ሶፍትዌር አፍርሶ ሲገነባ ይህችን አንዲት ነገር አልሞከረም። ማዳመጫውን በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነበር፤ እሱን ሊጠራጠር አልቻለም።

እንደገና አዳመጠች። አሁን ስለ ማሽኑ እያሰበች አልነበረም። ማዳመጫውን ስታወልቅ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ኔቪል ይሠራበት ወደነበረው ክፍል ጠራቻቸው። ሼይ መስኮቱን ተደግፋ ቆመች፤ ኮራል ተቀመጠች፤ ግራንት ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ሰዓቱን ያያል። የከተማው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኔቪል ምሰሶ ላይ አልወጣም» አለች ሳጅኗ። «ዕድሜውን በስልክ እንጨት ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ያለ ማሰሪያ አይወጣም፤ ማሰሪያው ግን ያው፣ ምስማሩ ላይ ነው። ያደረገው መነጽር የቅርብ መነጽር ነው፤ በዚያ መነጽር መሰላል የሚወጣ ሰው እርከኑን አያየውም። የሞተው እዚህ ወንበር ላይ፣ ከላፕቶፑ ጋር እየታገለ ሳለ ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ቁስሉ ከራሱ በስተኋላ ነው፣ ከመውደቁ በፊት የተመታ ነው ብሏል።»

ፖሊሱ ወለሉን አየ።

«ወደ ምሰሶው የወሰደው ሰው ቀበቶውን አስታጠቀውና ድምፅ ሊጠግን ወጣ የሚል ታሪክ ተወልን። ለምን ምሰሶውን መረጠ? ብልሽቱ የጣቢያው ስርጭት ላይ ነው ብሎ ስላሰበ። ሼይ አይደለም ትላለች፤ ኮራልም ታውቃለች። ምሰሶውና ማዳመጫው እንደማይገናኙ ያላወቀው እዚህ ካላችሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ቴክኒክ አላውቅም፤ ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ግራንት።

«አይደለም። ግን የአባትህ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ሲጠፋ መኪና ውስጥ ሰማሁ አልከኝ። ያ ቃለ መጠይቅ በአየር ሄዶ አያውቅም። ያንን ጥፋት መስማት የሚቻለው በዚህ ማዳመጫ ብቻ ነው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። አንተ ደግሞ ጣቢያውን አልረገጥኩም ብለሃል።»

ግራንት ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሣ።

ሳጅኗ ማዳመጫውን አነሣች። ውስጡ ሦስት መንገድ አለ አለች፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ። የጋራው ሽቦ ተቆርጧል። ሲቆረጥ በሁለቱም ወገን እኩል የሚመጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በአንድ ወገን ብቻ የገባው ይቀራል። ኔቪል ኦቶን ሲቀርጽ ሁለት ማይክሮፎን በግራና በቀኝ አቁሞ ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ለሁለቱም እኩል ደረሰ። የወጥ ቤቱ ድምፅ ግን የደረሰው በበሩ በኩል ላለው ብቻ ነው።

«በፋይሉ ላይ ያለው ቀን እንደሚለው፣ ቀረጻው የተደረገው ታይ ዊቶም በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው» አለች።

ኮራል እጇን ዘረጋች። ሳጅኗ ማዳመጫውን ወዲያው አልሰጠቻትም፤ የሚሰማው ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ካልፈለገች ማንም እንደማያስገድዳት ነገረቻት። ኮራል እጇን አልሰበሰበችም።

ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። የኮራል ከንፈር ብቻ፣ ሌላ ሰው የሚለውን ተከትሎ እንደሚያነብ፣ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ በድንገት ቆመ።

«ኔቭ ነው ቀንሰው ያለኝ» አለ ግራንት። ድምፁ አሁንም ለዘብ ያለ ነበር። «ቀረጻውን ረበሸኝ አለ። ታይ ሁልጊዜ ይጣራል፤ ሞተሩ እንዲህ ሆነ፣ ገመዱ እንዲያ ሆነ። ማጉረምረም መሰለኝ። ዘጋሁት። ሲመሽ ጀልባዋ እንደጠፋች ሳውቅ ግን፣ ምን ልበል? ሞተሩ እንደሚያስቸግር እያወቅሁ ነው የላክሁት።»

«ሐሙስስ?»

«ና የአባትህን ድምፅ ስማ ብሎ ጠራኝ። ሰማሁት። ታይ ነው። ኔቭ ፊቴን እያየ፣ 'ይሄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አልተውም፤ ነገ ኮራል ትሰማልኛለች' አለኝ። አውቆ ነው የሚያሠቃየኝ ብዬ...»

«አላወቀም» አለች ሳጅኗ። «ጆሮው ደክሞ ነበር፤ ቃሉን መለየት አይችልም። የሶፍትዌር ጥፋት እያደነ ነበር፣ ሌላ ምንም። ሌላ ማዳመጫ ገዝተህ ብታመጣለት ኖሮ ድምፁ ይስተካከል ነበር፤ አመስግኖህ ሁለተኛ አያነሣውም። አንተ ግን እሱን ገደልክ፣ የአባትህንም ድምፅ አጠፋህ።»

ግራንት ኮፍያውን እንደያዘ ቀረ። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው እንደ ታዛዥ ልጅ ተነሣ።

ከወጡ በኋላ ሼይ ኮራል ትከሻ ላይ እጇን ልታሳርፍ ቃጣችና መለሰችው። ሳጅኗ ጉዳዩ እንደገና ችሎት እንደሚቀርብ፣ በታይ ላይ የተጻፈው እንደሚሰረዝ በዝግታ አስረዳች።

«ለማን ነው የሚሰረዘው?» አለች ኮራል። «የጀልባዋን ስም ይላል። ያለበትን ቦታ ይላል። ከዚያ ደግሞ ይደግመዋል፣ ሳይጮህ፣ እንዳስተማርኩት። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሰው ልጅሽ እንዴት ሞተ ሲለኝ በስንፍናው እያልኩ ነበር። መቃብሩ ላይ ቆሜም ያንኑ ነግሬዋለሁ።»

ማንም ቢሆን ችሎቱን ያምን ነበር ልትላት ሳጅኗ አሰበች። እውነት ነበር፤ የሚጠቅማት ግን ስላልሆነ ተወችው።

ኮራል ማዳመጫውን በሁለት እጇ መልሳ ጆሮዋ ላይ አስተካከለች።

«እንደገና አጫውቺልኝ፣ ሆዴ» አለች። «እስኪዘጋበት ድረስ።»