መኪናዋ የት አደረች?

ክፍሉ በሳቅ ሲያውካካ ሙኒራ ገና አልተቀመጠችም ነበር። ጣቷ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ካርታ እንደተዘረጋ ቀረ። መልሱን እንደሆነ አልሳተችም። መምህር ዳኘው የጠየቁት የስዊዝ ቦይ ከየት እንደሚጀምር ነው፤ እሷም ፖርት ሰይድ ብላ በትክክል መለሰች። ግን የተጠየቀችውን ብቻ መልሳ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችምና፣ ገበያ ላይ እንደሚደረገው ምራቂ ጨመረችበት።

«የማኅበራችንን መኪና የጫነችው መርከብም አሁን እዚያው ናት። ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋታል፤ የዘገየችውም እስክትደርቅ ነው» አለች።

መምህር ዳኘው ክፉ ሰው አይደሉም። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሙኒራ፣ ያቺ መርከብ ይህን ትምህርት ቤት ከነግቢው ትውጠዋለች። ብረት ናት። ማን ጎትቶ ያወጣታል? ደግሞስ ምኗ ነው የሚደርቀው?»

«ውሃ ስትጠጣ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ጣና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ የደንገል ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ ያውቃል። ሐይቅ ላይ የዋለ ታንኳ ይከብዳል፤ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብስና አንድ ቀን ባለቤቱን ይዞ ይሰምጣል። ታንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ትልቋ ታንኳ መርከብ ለምን አትደርቅም? ሙኒራ ይህን መጠየቅ እንዳለባት እንኳ አልመጣላትም ነበር።

ምስክር ፍለጋ ወደ እናትዓለም ዞረች። እናትዓለም የወንበር ጓደኛዋ ናት፤ ወሬውን ያመጣችላትም እሷው ናት። አሁን ብድግ ብላ «እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ የነገርኋት» ትላለች ብላ ጠበቀች። እናትዓለም ግን አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች ነበር። ሌሎቹ የሳቁት አዲስ ነገር ሰምተው መሰላት። የእናትዓለም ሳቅ አዲስ ነገር የሰማ ሰው ሳቅ አልነበረም። ቀልዱን ቀድሞ የሚያውቅ፣ ጫፉ እስኪደርስ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ሳቅ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። ሙኒራ ተቀመጠች።

የመኪናዋ ነገር የተጀመረው ካለፈው ክረምት በኋላ ነው። የሙኒራ አባት መስዑድ የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ማኅበሩ ዓሣውን ወደ ጎንደር የሚልከው አዘዘ በሚባል ሾፌር አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር፤ ኤንትሬው ግን ዕድሜ ተጭኖት ማክሰኝት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ዓሣውም ይሸታል። ማኅበሩ ደጅ ሲጠና ከርሞ በመጨረሻ አዲስ የጭነት ፒክአፕ ከሞስኮብ አገር ፋብሪካ ታዘዘለት። ትእዛዙ የተላለፈው በእናትዓለም አባት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። አቶ አስናቀ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ መኪናዋ ያለችበትን የሚናገረው ቴሌክስ የሚመጣው እሳቸው ቢሮ ነው። እሳቸው ለቤታቸው ያወራሉ፣ እናትዓለም ለሙኒራ ታወራለች።

የሐይቁ ሰዎች መንገድ ላይ ያለን ታንኳ መቼ ይደርሳል ብለው አይጠይቁም። የሚደርስበትን ቀን መጥራት ነፋስ መቀስቀስ ነው ይላሉ። የሚጠይቁት የት አደረ ብለው ነው። መስዑድም ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ፣ «እህ፣ መኪናችን የት አደረች?» ይላት ነበር።

ሙኒራ የትምህርት ቤቱን ካርታ በዓይኗ ሸምድዳ ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል ሣለችው። መኪናዋ ባደረችበት ቦታ ላይ የቀረሶ ዓሣ እሾህ ትሰካለች። እሾኹ ከፋብሪካው ወጥቶ በባቡር ኦዴሳ ወረደ፤ በጥቁር ባሕር አልፎ ኢስታንቡል አደረ፤ ከዚያ ፖርት ሰይድ። ጎረቤቱ ሁሉ ግድግዳውን ሊያይ ይመጣል። ቁርኣን የቀሩ፣ መሠረተ ትምህርት ያጠናቀቁ ሽማግሌዎች ጢማቸውን እየዳሰሱ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ይሰሟታል። እናቷ ዘይቱና «ግድግዳዬን አጠፋችብኝ» እያለች ለመጣው ሁሉ መቀመጫ ታቀርባለች። ሙኒራ ኮርታ ነበር፤ ደግሞም ያምርባት ነበር።

እሾኹ ፖርት ሰይድ ላይ ሰነበተ። ለምን ብላ ስትጠይቅ እናትዓለም «እያደረቋት ነው» አለቻት። አባቷም ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ደግ አደረጉ። መንገዱ ረጅም ነው፤ እርጥብ ይዞ ቀይ ባሕር መግባት ዕብደት ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ቆረጠ። መርከቧ ከደረቀች የቀረው መንገድ አጭር ነውና፣ አዘዘን ዛሬ ሐሙስ ጭነቱን ሲወስድ ያሰናብቱታል። እሱም ቦታ አላጣም፤ የሐይቁ ማዶ አስጋሪዎች «እኛ ጋ ና» እያሉት ከርመዋል።

ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጡ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተከተላት። «ሙኒራ፣ መርከቧን ገለበጧት ወይስ ገና ባንድ ጎኗ ናት?»

«አንተን ስምንተኛ ክፍል ላይ ካሰጡህ ሦስት ዓመትህ ነው፤ አንተ ሳትደርቅ ስለ መርከብ ምን አገባህ?» አለችው። ልጁ ጓደኞቹ ሲስቁበት ወደ ኋላ ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሆዷን ያሞቀው ነበር።

እናትዓለምን ያገኘቻት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ዘንባባዎቹ ሥር ነው። እየጠበቀቻት ነበር።

«ተቀየምሽኝ እንዴ? ቀልድ እኮ ነው፤ ፋራ አትሁኚ» አለች እናትዓለም።

«ቀልዱን ተይው። መኪናዋ የት አደረች?»

እናትዓለም ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ዘመኑ ልጅ እንኳ ሳይቀር ከመናገሩ በፊት ዙሪያውን የሚያይበት ነበር።

«አሰብ ገብታለች። ከገና በፊት።»

«ታዲያ የታለች?»

«ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠች። ከላይ ነው የታዘዘው። አባቴ ሲሰማ እራቱን አልበላም። ይህ ቃል ከዚህ ቤት ከወጣ ሥራዬም የለም፣ እኔም የለሁም አለን። ምን ላድርግ ሙኒ? አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ የት አደረች፣ የት አደረች...»

«አላውቅም ማለት አቃተሽ?»

«አላውቅም ካልኩሽ መምጣትሽን ትተዪ ነበራ።»

ሙኒራ ለአፍታ ልቧ ሊራራ ቃጣው። እናትዓለም ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጓደኛ አልነበራትም፤ ወንበሯን ያካፈለቻት ሙኒራ ናት። ፍርሃትንም ታውቀዋለች። የአባት ፍርሃት ለልጅ እንደሚተርፍ ታውቃለች። የልቧን መራራት ግን አንድ ጥያቄ ቀደመው።

«ማድረቁስ? እሱንም አባትሽ ናቸው ያዘዙሽ?»

«እሱ... ለምን ቆየች እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የምለው አጣሁ። ታንኳ ይደርቃል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። አፌ ላይ መጣልኝ ተናገርኩት፤ አንቺ ደግሞ እውነት ነው ብለሽው አረፍሽ።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ብልጭ አለና ጠፋ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለሙሉነሽ ብቻ።»

ለክፍላቸው ልጅ ለሙሉነሽ ብቻ መንገር ለገበያ ጥሩምባ ብቻ እንደ መንገር ነው።

ታንኳ እንዴት እንደሚደርቅ ለእናትዓለም ያሳየችበትን ቀን ሙኒራ አልረሳችውም። አብረው ነበር የጎተቱት። የእናትዓለም ጫማ ጭቃ ሲበላው ወስዳ ሐይቁ ውስጥ ያጠበችላት፣ ድንጋይ ላይ አስጥታ ያደረቀችላት እሷ ናት። አባቷ ለእንግዳ የማያስነካውን ታንኳ አስነክቷታል። ያን ቀን የሰጠቻትን ነገር ነው እናትዓለም ወስዳ መሣቂያ ያደረገችባት። ውሸቱን ፍርሃት ወለደው እንበል፤ ሳቁን ማን ወለደው?

«አዘዘን ዛሬ እንደሚያሰናብቱት ነግሬሽ ነበር አይደል?»

እናትዓለም ጫማዋን አየች። «ነግረሽኛል።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ሙኒ፣ ከእኔ መስማትሽን አትናገሪ። አባቴን ያስሩብኛል።»

ሙኒራ ትታት ወደ ሐይቁ ወረደች።

መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ዝም ብትል አዘዘ ይሄዳል፤ ማኅበሩ የማትመጣ መኪና ሲጠብቅ ዓሣው ዳር ላይ ይሸታል። የእናትዓለምን ስም ብትጠራ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል፤ አቶ አስናቀም በአንድ ቃል ያልቃሉ። ስሟን ሳትጠራ ብትናገር ደግሞ ያ ሁሉ ሽማግሌ የሰማት ልጅ፣ ያቺ ባለ ካርታዋ ሙኒራ፣ የተሞኘች ሞኝ ሆና ትቀራለች። ውሸታም መባልን ትችል ይሆናል። ሞኝ መባል ግን ለሙኒራ ከዚያ ይከብዳል።

ዳር ስትደርስ ኤንትሬው ቆሟል። ሰዎቹ ዓሣውን በእርጥብ ደንገል እየጠቀለሉ ይጭናሉ። ቡርሀን የሚባለው ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። አዘዘ መሪው ላይ ተደግፎ፣ የሚመጣበትን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ሐይቁ ያያል። መስዑድ እጁን ታጥቦ ወደ እሱ ሊሄድ ሲል ልጁን አየና ፊቱ በራ።

«ይቺው መጣች። ነይ ልጄ፣ ለአዘዘ አንቺው ንገሪልኝ፤ በክፉ እንዳላሰናበትነው ይወቅልን። መኪናችን የት አደረች?»

እጆች ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ።

«አሰብ አድራለች፣ አባዬ» አለች ሙኒራ። ድምጿ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ራሷን ገረማት። «ከዚያ የሌላ ሰው ቤት ገባች። ወደ እኛ አትመጣም።»

ቡርሀን መቁጠሩን አቁሞ፣ ታዲያ ማድረቁስ ብሎ ጠየቀ።

«መርከብ አይደርቅም። አታለውኝ ነው። አምኜ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ።»

«ማነው ያታለለሽ?» አለ አባቷ። አልጮኸም። ባይጮህም ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተነሥቷል።

ሙኒራ ቀና ስትል ከላይ ዘንባባው ሥር ሰማያዊ ዩኒፎርም አየች። እናትዓለም ተከትላት መጥታለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማለች። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ሙኒራ ቃሉን ምላሷ ላይ አገላበጠችው፤ ይጣፍጥ ነበር።

«አልናገርም» አለች። «ሞኙ ማነው ካላችሁኝ ግን እኔ ነኝ።»

መስዑድ ልጁን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ዞሮ አንድ እቅፍ ዓሣ አነሣና ራሱ ኤንትሬው ላይ ጫነው። «አዘዘ፣ ሳምንት እንዳትቀር» አለ።

«ኧረ የት ልቀር?» አለ አዘዘ። «የምሄድ መሆኔንም የነገረኝ የለ።» እንደሚያውቅ ሁሉም ያውቃሉ፤ ቢሆንም አንዱ ፈገግ አለ፣ እጆች ወደ ሥራ ተመለሱ። ሙኒራም ደንገል አንሥታ ትጠቀልል ጀመር። ቀና ብላ ወደ ዘንባባው አላየችም።

ቤት ስትደርስ እሾኹን ከፖርት ሰይድ ነቅላ አሰብ ላይ ሰካችው። ዘይቱና ግድግዳውን ጭቃ ልቀባው ወይ ብላ ጠየቀቻት። «ተይው እማዬ» አለች። «አሁን ገና ትክክል ሆነ።»

በማግሥቱ ጠዋት እናትዓለም ከወንበሩ ዳር ተጠግታ ለሙኒራ ቦታ ትታ ነበር። ወንበሩ ላይ ያለውን አቧራም ጠርጋዋለች። ዓይኗ አብጧል። «ሙኒ» አለች፣ በሹክሹክታ።

ሙኒራ ቆም ብላ የተጠረገውን ቦታ አየችው። ከዚያ ደብተሯን ይዛ አለፈችና ፊት ለፊት፣ ማንም የማይፈልገው ወንበር ላይ፣ ከመምህር ዳኘው አፍንጫ ሥር ተቀመጠች።

ትምህርቱ ሲጀመር እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ብረት ከባድ ነው። ታዲያ መርከብ ለምን አይሰምጥም?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሙኒራ አልዞረችም። እጇን እንዳነሣች፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። መምህር ዳኘው የያዙትን ጠመኔ አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ።